ሁለት ኩሬ፣ አንድ ጭቃ፦ የድሬዳዋና የሐረር የፕላንክተን ሥራ ማስታወሻ

ጥር፣ 2ኛ ሳምንት። ቁፋሮና ጂኦመምብሬን

የሚፈለገው ለቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ጫጩት የሚሆን ሕያው መኖ፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፕላንክተን ነው፦ ጥቃቅኑ ሮቲፈር፣ ከዚያ ከእሱ የሚተልቀው የውሃ ቁንጫ፣ ሞይና። ድሬዳዋ ላይ የሠራው አሠራር ሐረር ላይ አይሠራም፣ የሐረሩም ድሬዳዋ ላይ አይሠራም ሲባል ኖሯል። ስለዚህ አንዱ ኩሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ዳር፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፤ ሁለተኛው ደንገጎን ወጥቶ፣ አወዳይን አልፎ፣ ሐረር ዳር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቆፈረ።

የሁለቱም ልክ አንድ ነው። አፉ 4 በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ግድግዳው ትንሽ ጋደል ያለ። ውሃው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ 8,000 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህ የተረጋገጠው 1,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ እየቆጠርን ስንሞላ ነው። ለአንድ ኩሬ 7 በ6 ሜትር ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የኩሬ ላስቲክ) ሄደ። ካሬውን በ300 ብር ስለገዛነው ላስቲኩ ብቻ 12,600 ብር ወጣበት። የድሬዳዋው አፈር ጠጠር ስለበዛው ከላስቲኩ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር የተነፋ አሸዋ ተነጠፈ። ሐረር ላይ አፈሩ ለስላሳ ነው ብለን አሸዋውን ተውነው። ስህተት ነበር፤ አንድ የጫት ጉቶ ሥር ላስቲኩን በሁለተኛው ሳምንት በሳው፤ በማጣበቂያና በቁራጭ ላስቲክ ተለጠፈ።

ድሬዳዋ ላይ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ራቅ ተብሎ ነው የተቆፈረው። የወንዙ ጎርፍ በሐምሌ 1998 ሌሊት ምን እንዳደረገ ለከተማው ሰው መንገር አያስፈልግም። ሐረር ላይ ደግሞ ከጫት ማሳ ቢያንስ 50 ሜትር ተራቀ፤ የጫት ርጭት በንፋስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገድለው ሞይናን ነው።

የካቲት፣ 1ኛ ሳምንት። መረብና መቁጠሪያ

የፕላንክተን መረብ ከውጭ ማስመጣት አላስፈለገም። ቲሸርት የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን ጨርቅ ይሆናል፤ ቁጥሩን ማወቅ ብቻ ነው። ባለ 77 ጨርቅ (በሴንቲ ሜትር 77 ክር ያለው) ቀዳዳው ወደ 80 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ስለሆነ ትንንሾቹን ሮቲፈሮች ያሾልካል። ባለ 120 ጨርቅ ወደ 50 ማይክሮን ነው፤ የተወሰደው እሱ ነው። አፉ ከባለ 6 ፌሮ የተሠራ፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ፤ ጫፉ ላይ የታችኛው ቂጧ የተቆረጠ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ በሆስ ማሰሪያ ታሰረ። ስፌቱ በውስጥ በኩል ከሆነ እንስሳቱ ስፌቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ወደ ውጭ መዞር አለበት።

መረቡን ከሥር ወደ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ብንስበው በሒሳብ 34 ሊትር ማጣራት ነበረበት። አረንጓዴ ውሃ ላይ ሲሞከር ግን ጨርቁ ግማሽ መንገድ ላይ ይደፈናል፣ ውሃው በአፉ ተመልሶ ይፈሳል፣ ስንት ሊትር እንደተጣራ አይታወቅም። መሳቡ ተተወ። አሁን ከአራቱ ማዕዘንና ከመሃል ባለ 4 ሊትር ባልዲ አንድ አንድ ጊዜ ይጠለቃል፣ 20 ሊትሩ በመረቡ ይፈሳል፣ የቀረው ወደ 50 ሚሊ ሊትር ይጨመቃል።

የመቁጠሪያው ሴል በቤት ተሠራ። የማይክሮስኮፕ ስላይድ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሌላ ስላይድ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ዘንጎች ተቆርጠው በሲሊኮን ተለጠፉ። ውስጡ 50 በ20 በ1 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ልክ 1 ሚሊ ሊትር መያዝ ነበረበት። ሲሊኮኑ ራሱ ውፍረት እንዳለው አላሰብንም። በኢንሱሊን መርፌ ሲሞላ 1.15 ሚሊ ያዘ። እንደገና ከመሥራት ቁጥሩን በ1.15 ማካፈል ቀለለ፤ የሴሉ ጀርባ ላይ በማርከር ተጽፏል፣ ካልሆነ ይረሳል።

የናሙና ማቆያ፦ ለአልጌ (ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው፣ ፕላንክተኑ ለሚበላው) ሉጎል። 20 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድና 10 ግራም አዮዲን በ200 ሚሊ የተጣራ ውሃ፣ ላዩ ላይ 20 ሚሊ አሴቲክ አሲድ። ናሙናው ቀጭን ሻይ እስኪመስል ይጨመራል፤ ለ100 ሚሊ 1 ሚሊ ገደማ። ፋርማሲ የሚሸጠው ፖቪዶን አዮዲን ተሞክሮ አረፋ ብቻ ሆነ። ለሞይናና ለትልቋ ዘመዷ ለዳፍኒያ፦ በ90 ሚሊ ናሙና 10 ሚሊ ፎርማሊን፣ በሊትር 40 ግራም ስኳር የገባበት። ስኳር ከሌለ ቅርፊታቸው ይነፋና እንቁላላቸው ከጀርባቸው ይወጣል፤ ያኔ እናቲቱ ስንት ተሸክማ እንደነበር መቁጠር አይቻልም።

የካቲት፣ 4ኛ ሳምንት። ጭቃው

የሁለቱም ኩሬ ዘር ከአንድ ቦታ መጣ፤ ሐረማያ አካባቢ በበጋ ከደረቀ የዝናብ ውሃ ኩሬ ወለል። የተፋቀው የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የድርቅ እንቁላሎች የሚከማቹት እዚያ ነው። የዳፍኒያው ጥቁርና ኮርቻ የመሰለ ሽፋን አለው፤ በእጅ ማጉያ ይታያል። ጭቃው በጥላ ደርቆ፣ ተፈርፍሮ፣ በደንብ ተደባልቆ ለእያንዳንዱ ኩሬ 2 ኪሎ ተመዘነ። ሁለቱም በጉድጓድ ውሃ ተሞሉ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ቢያንስ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማደር ነበረበት።

ማዳበሪያ በሳምንት፣ ለአንድ ኩሬ፦ 50 ግራም ኤንፒኤስና 50 ግራም ዩሪያ። ኤንፒኤሱ 19 በመቶ ናይትሮጅንና 38 በመቶ የፎስፎረስ ኦክሳይድ ስላለው፣ ከ46 በመቶው ዩሪያ ጋር ሲደመር 32 ግራም ናይትሮጅንና 8 ግራም ፎስፎረስ ይሆናል፤ አራት ለአንድ።

መጋቢት፣ 1ኛና 2ኛ ሳምንት

ድሬዳዋ፦ ውሃው ንጋት ላይ 23፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 29 ዲግሪ። በ3ኛው ቀን ሮቲፈር ታየ፣ በ6ኛው ቀን ብራኪዮነስ የሚባለው ሮቲፈር ሴሉን ሞላው። 840 ተቆጠረ፤ በ1.15 ሲካፈል 730፣ በ2.5 ሲባዛ (50 ሚሊ ከ20 ሊትር ስለሆነ) በሊትር 1,826። በ8ኛው ቀን ሞይና ተነሳ፣ በ12ኛው ውሃው በዓይን የሚታይ ነጭ ነጥብ ሆነ።

ሐረር፦ ንጋት 16፣ ከሰዓት 22። በ6ኛው ቀን ምንም የለም። ጭቃው ሞቷል ተብሎ ሌላ 1 ኪሎ ሊጨመር ነበር፤ እንኳን አልተጨመረ። ሮቲፈሩ በ7ኛው ቀን ታየ፣ ከፍታው ላይ የደረሰው በ13ኛው ነው። በ19ኛው ቀን ዳፍኒያ ወጣች፣ ከሞይና በሁለት እጥፍ የምትበልጥ።

ዳፍኒያ ድሬዳዋም ታይታ ነበር። በ5ኛው ቀን ናሙና ውስጥ አራት ግልገሎች ነበሩ፤ በ9ኛው ቀን አንድም የለም። ጭቃው አንድ ስለሆነ ዘሩ እኩል ደርሷል፤ የጠፋችው ከተፈለፈለች በኋላ ነው።

መጋቢት፣ 4ኛ ሳምንት። በርሜሎቹ

ሙቀቱ ነው ማለት ቀላል ነበር፤ ግን የድሬዳዋ ጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፣ የሐረሩ ለስለስ ይላል። ሁለት ኩሬ ብቻ ይዞ አየሩን ከውሃው መለየት አይቻልም። ስለዚህ በየቦታው አራት አራት ባለ 200 ሊትር በርሜል ተቀመጠ፤ ሁለቱ በድሬዳዋ ውሃ፣ ሁለቱ በሐረር ውሃ፣ በእያንዳንዱ 150 ሊትር። ወደ ላይ 300 ሊትር፣ ወደ ታች 300 ሊትር በአይሱዙ ተጓጓዘ። እያንዳንዱ በርሜል 40 ግራም ጭቃ።

የመጀመሪያው ዙር ከንቱ ሆነ። ሰማያዊ በርሜል ፀሐይ ላይ ቆሞ ውሃው ከኩሬው 4 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሌሊት ደግሞ ከኩሬው በታች ይቀዘቅዛል። ሁሉም ሁለት ሦስተኛው ድረስ መሬት ውስጥ ተቀበሩና ዙሩ ከአዲስ ተጀመረ።

ሚያዝያ፣ 2ኛ ሳምንት። የመድኃኒቱ ጥፋት

ድሬዳዋ ኩሬ ላይ ሞይና በአንድ ሌሊት አለቀ፤ ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ሮቲፈሮቹ ግን እንደ ወትሮው ይዋኛሉ፣ ኦክስጅኑም ደህና ነበር። ሮቲፈር ድኖ ሞይና ብቻ ከሞተ የሚጠረጠረው የነፍሳት መድኃኒት ነው። ማምሻውን የተጨመረው 200 ሊትር ውሃ የተቀዳው ቴሜፎስ፣ አቤት የሚባለው የእጭ መድኃኒት፣ ከተጨመረበት የግቢ በርሜል ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ በርሜሉን ሳይጠይቅ የቀዳው ነው እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ በርሜል መታከም አለበት፤ በ2014 የወባው ወረርሽኝ የመጣው በእሷ ነው።

ይህ ለኩሬውም ጥያቄ ነው። ዓሣ የሌለበት የፕላንክተን ኩሬ የትንኝ ማሳደጊያ ነው። የኩሬው ሲሶ ውሃ ተቀይሮ፣ አዲስ ጭቃ 1 ኪሎ ገብቶ፣ አፉ በአጎበር ጨርቅ ተሸፈነ። ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ ለዚህ ይሻላል፤ የትንኝ እጭ ገድሎ ሞይናን ይተዋል። የመቅጃ ጀሪካኑም ለብቻው ቀይ ፕላስተር ታሰረበት።

የበርሜሎቹ ውጤት በዚሁ ሳምንት ወጣ። ሐረር ላይ ዳፍኒያ በአራቱም አለች፣ በድሬዳዋ ውሃም ጭምር። ድሬዳዋ ላይ በአራቱም የለችም፣ በሐረር ውሃም ጭምር። ከውሃው ኖራ አይደለም ማለት ነው። ትልቅ አካል በሙቅ ውሃ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይተነፍሳል፣ ለመውለድም ይዘገያል። ሞይና በ26 ዲግሪ ከተወለደች በአምስት ቀን ገደማ ራሷ ትወልዳለች። ስምንት በርሜል ብዙ ባይባልም አራቱም በአራቱም ሲስማሙ ይታመናል።

ሰኔ። ከባዱ ወር

ድሬዳዋ፣ ንጋት 27፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 33። ሰኞ ሰኞ 50 በ50 ማዳበሪያ እንደ መጋቢቱ ይገባ ነበር፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

በሰኔ 1ኛ ሳምንት ሴኪ ዲስኩ (ውሃው ምን ያህል እንደጠራ መለኪያ፤ የ20 ሴንቲ ሜትር የባልዲ ክዳን፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ከሥሩ ድንጋይ የታሰረበት) በ14 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠፋ። ለዓሣ ኩሬ ከ30 እስከ 40 ነው ጥሩው። ከቀኑ 9 ሰዓት ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት መለኪያ) 9.5። ላስቲኩ ላይ ከውሃው ልክ በታች ነጭ ቅርፊት ተጋገረ፤ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት ፈላ። አልጌው ካርቦኑን ሲመጠው ፒኤች ይወጣል፣ ፒኤች ሲወጣ ኖራው ይጋገራል፣ ፎስፎረሱም አብሮት ይታሰራል። ማለትም የኤንፒኤሱ ገንዘብ ላስቲክ ላይ ተለጥፎ ቀረ። በደረቁ የተበተነው የማዳበሪያ ፍሬ ደግሞ ወለል ላይ ተቀምጦ ቀረ።

የዩሪያው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ መርዝ የሚሆነው ክፍል በፒኤችም በሙቀትም ይጨምራል። ፒኤች 9 ላይ በ32 ዲግሪ ግማሽ ያህሉ መርዝ ነው፣ በ22 ዲግሪ ሲሶው። ፒኤች 9.5 ላይ በ32 ዲግሪ ሦስት አራተኛው። ሐረር ላይ ያው 50 ግራም ዩሪያ ምንም ያላደረገው ለዚህ ነው፤ እዚያ ከሰዓት ፒኤች ከ8.5 አያልፍም።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በነጭ ሳህን ውሃ ሲጠለቅ ሞይናዎቹ ሮዝ ሆነው ታዩ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀለሙ መላ አካላቸው ውስጥ የተሰራጨ ነው፣ ልባቸው ሲመታ ቀዩ ይንቀሳቀሳል። ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ ያበዙታል። መለኪያ ለሌለው ሰው ሳህን ላይ ያለ ሮዝ ሞይና ራሱ መለኪያ ነው፣ ሌሊት ኦክስጅን እያለቀ መሆኑን ከሞቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይናገራል።

ሐረር ላይም ቀይ ነገር ነበረ፤ ኮፔፖድ የሚባሉት ሌሎቹ የፕላንክተን እንስሳት። መጀመሪያ ተመሳሳይ ችግር ተብሎ ተመዘገበ፣ ስህተት ነው። የሐረሩ ውሃ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ከፍታ ላይ አልትራቫዮሌቱ የበረታ ስለሆነ ኮፔፖዶቹ ከአልጌ የሚያገኙትን ቀይ ቀለም እንደ ጥላ ይይዙታል። መለያው ቀላል ነው። ሁለቱም ለየብቻ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ አደሩ፤ የኮፔፖዱ ቀለም ወጥቶ አልኮሉን ብርቱካን አደረገው፣ የሞይናው አልወጣም።

ኦክስጅን ራሱ እንደሚታሰበው በሁለቱ ከተማ ብዙ አይለያይም። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ይይዛል፣ ከፍታ ግን ይቀንሰዋል። ድሬዳዋ በ28 ዲግሪ ውሃው ሊይዝ የሚችለው 6.8 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው፤ ሐረር በ18 ዲግሪ 7.5 ገደማ። ልዩነቱን የሚያሰፋው ሌሊት ስንት ይበላል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ንብርብር መሆኑ ነው። በዱላ ላይ የታሰረ ቴርሞሜትር ከላይ 33፣ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ 29 አሳየ። ይህ ሁሉ በ80 ሴንቲ ሜትር ኩሬ ውስጥ ነው። ውሃ ከ28 ወደ 30 ሲሞቅ የሚቀለው ከ18 ወደ 20 ሲሞቅ ከሚቀለው 1.5 እጥፍ ስለሆነ የድሬዳዋ ኩሬ በትንሽ ልዩነት ይነባበራል። እኩለ ቀን ላይ በአካፋ ለማማታት ተሞከረ፤ ጥቁር ደለል ተነሳ፣ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ፣ ከሰዓት ሞይናው አንድ ማዕዘን ላይ ተከማቸ። ተተወ። ከንጋት በፊት ላይ ላዩን ብቻ በባልዲ ማፍሰስ ይሻላል።

በ3ኛው ሳምንት ላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ መሰለ፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ። ናሙናው በሉጎል ቢቆይም አልዘቀጠም፤ ውስጡ የጋዝ ከረጢት አለው። ዘዴው፦ 60 ሚሊ ሲሪንጅ ሞልቶ፣ ጫፉን በጣት ደፍኖ፣ በኃይል መግፋት። ከረጢቱ ይፈርሳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ያኔ ይዘቅጣል። ከኩሬው ላይ ደግሞ ንፋሱ ወደ አንድ ዳር ሲገፋው በመረብ ተገፎ ተቀበረ፤ ለከብትም ለዶሮም አይሰጥም፣ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

የተለወጠው፦ ዩሪያ ቆመ። ኤንፒኤስ 15 ግራም፣ በባልዲ ውሃ ሌሊቱን ሟሙቶ፣ በየሦስት ቀኑ፣ ያውም ሴኪው ከ30 ካለፈ ብቻ። በሲሶው ኩሬ ላይ 50 በመቶ የጥላ መረብ። በ11 ቀን ሴኪው ወደ 28 ተመለሰ፣ ከሰዓት ፒኤቹ 8.8፣ ሞይናው ነጣ።

ሐምሌና ነሐሴ

ድሬዳዋ ላይ ትነቱ በቀን 8 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በሳምንት 600 ሊትር ያልፋል። ጨው ግን አይተንም። በየሳምንቱ ከኩሬው 8 በመቶ የሚሆን የጉድጓድ ውሃ ሲጨመር በአሥር ሳምንት ጨዉ በ80 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። የሟሟ ጨው የሚለካው ቲዲኤስ መለኪያ ከ700 ተነስቶ 1,050 ላይ ነው የቆመው፤ ጉድለቱ ያ ላስቲክ ላይ የተጋገረው ኖራ ነው። የጣሪያ የዝናብ ውሃ ሲገኝ በእሱ ብቻ ይሞላል።

አቧራው ኩሬውን ቡናማ አደረገ፣ ሴኪው 10። አልጌ መስሎ ማዳበሪያ ቢያዝም ሴኪው ሊሻሻል አልቻለም። ናሙና በብርጭቆ ሌሊቱን ሲቀመጥ ሥሩ ላይ ሸክላ ዘቀጠ። ሸክላ ማጣሪያቸውን ሲደፍን ሞይና ምግብ ያጣል፣ ሮቲፈር ግን ይቋቋማል፤ ቆጠራውም ያንኑ አሳየ።

ሐረር፦ ደመና፣ ዝናብ፣ ውሃው ከ17 እስከ 19። በአንድ ቀን ወደ 60 ሚሊ ሜትር ዘነበና ከ600 ሊትር በላይ በመውጫ ቱቦው ፈሰሰ። አብሮ የሚሄደው ላይ ላዩ ያለው ፕላንክተን ነው። መውጫ ቱቦው ባለ 120 ጨርቅ ለበሰ፣ በማግስቱ ተደፈነ፤ በባለ 77 ተቀየረ። እዚህ ቦታ 80 ማይክሮን ይበቃል፣ የሚፈለገው ዳፍኒያዋን መያዝ ነው። ዩሪያና ኤንፒኤሱ በ50 ግራማቸው ቀጠሉ፣ ግን በሳምንት ሳይሆን በ10 ቀን፤ ብርሃን ከሌለ ማዳበሪያ አልጌ አይሆንም።

ጥቅምትና ኅዳር

ሐረር ንጋት 12 ዲግሪ። የዳፍኒያዋ ሕፃናት ቀነሱ፣ እናቶቹ ጀርባ ላይ ጥቁሩ ኮርቻ (የድርቅ እንቁላሉ ሽፋን) መታየት ጀመረ፣ ወንዶችም ታዩ። ከ60 እናቶች 22ቱ ተሸክመውታል። ቆሮሶ በዚህ ሙቀት ስለማይበላ መኖው የሚፈልገው የለም፤ ማዳበሪያው ቆመ። ድሬዳዋ በተቃራኒው ውሃው 22 እና 28 ላይ ተረጋጋ፣ የዓመቱ ምርጥ ሞይና የተገኘው አሁን ነው፤ በየሁለት ቀኑ ማለዳ በባለ 77 መረብ ይቀዳል፣ ከአንድ አራተኛ በላይ ሳይነሳ። ኮፔፖዱ ሲበዛ ግን አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት አይገባበትም፣ ይነክሱታል። 1 ሳምንት ያደገው ይገባል።

ኅዳር 3ኛ ሳምንት የሐረሩ ኩሬ በሆስ ተቀዳ። ወለሉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ደለል ነበር፤ ላይ ላዩ ተፍቆ፣ በጥላ ደርቆ 11 ኪሎ ሆነ። ስድስቱ ኪሎ በጨርቅ ከረጢት ደረቅ ቦታ ተሰቅሏል፣ አምስቱ ለድሬዳዋ ተለየ። ላስቲኩ ላይ የጫት ጉቶው የበሳው ቦታ ሲታይ ልጣፉ ግማሽ ለቋል፤ አሸዋው ከጥር በፊት ይነጠፋል።